ሰማንያ ስድስት ተማሪ ባለበት ክፍል መምህር መሆን

ጥያቄ፦ ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። በሰሜን ሸዋ ዞን በአንዲት የወረዳ ከተማ የ5ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ በዲፕሎማ ገብቼ ዲግሪዬን በክረምት ነው የጨረስኩት። ዘንድሮ ሦስት ሴክሽን ይዣለሁ፤ አንደኛው 86፣ ሁለተኛው 80፣ ሦስተኛው 74 ተማሪ አለው። በአንድ ዴስክ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ሆነው ይቀመጣሉ። ተከታታይ ምዘና ሥሩ እንባላለን። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚያየው ፋይሉን ስለሆነ፣ ፋይሉ እንዲሟላልኝ ያላየሁትን ተሳትፎ «ከአምስት አራት፣ ከአምስት ሦስት» እያልኩ ማታ እሞላለሁ። የልጆቹን ስም እንኳ እስከ ጥር ድረስ አልይዝም። ርዕሰ መምህሩን ቁጥሩ እንዲቀነስልኝ ብጠይቃቸው «ጥሩ መምህር በተማሪ ብዛት አያማርርም» አሉኝ። በቀደም ደግሞ አንዲት የተማሪ እናት ሱቅ ደጃፍ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «ሌላ ሥራ ስታጪ ነው አስተማሪ የሆንሽው፤ ልጄ አምስተኛ ደርሶ ማካፈል አይችልም» አለችኝ። መልስ አጣሁ፤ ልጁ ማካፈል አለመቻሉ እውነት ነውና። ባጃጅ የሚነዳው ወንድሜ ከእኔ የተሻለ ያገኛል። ሪያድ ያለችው እህቴም «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ነይ» ትለኛለች። በዚህ ብዛት ምን ላድርግ? ሙያውንስ ልተወው?
መ.፣ ከሰሜን ሸዋ

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ርዕሰ መምህሩ የተናገሩት ቃል ጥሩ መምህርን ያወደሰ ይመስላል፤ በተግባር ግን ጥያቄዎን ሳይመልስ የዘጋ ንግግር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው፤ መቼም ሙያዎ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ቢሆን፣ ስም መጥራቱንና ሰሌዳ ማጥፋቱን ሳንቆጥር፣ በትልቁ ክፍል ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው 28 ሰከንድ ገደማ ነው። የሦስቱ ሴክሽን ተማሪዎች ድምር 240 ስለሚሆን፣ አንዱን ደብተር በሁለት ደቂቃ አርመው ቢመልሱ እንኳ አንድ ዙር እርማት ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ይህን ሰዓት ማንም ጎበዝ መምህር በቅንነት ሊያሳጥረው አይችልም። ከዚህም ሌላ የአገሪቱ የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራሞች ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ብለው ልኩን ካስቀመጡ ብዙ ዓመት አልፏል። እርስዎ የጠየቁት መንግሥት ራሱ የጻፈው እንዲፈጸም ነውና፣ ይህን ማማረር ብሎ መጥራት አግባብ አይደለም።

የክፍል ብዛትና የሙያው ክብር የአንድ ጉዳይ ሁለት ገጽታዎች መሆናቸውን ከእኛ በፊት ያስተዋሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 ዩኔስኮ ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር ተባብሮ በፓሪስ በጠራው ጉባኤ የጸደቀ፣ የመምህራንን ደረጃ የሚመለከት ምክረ ሐሳብ አለ። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥልጠና፣ ስለ ሥራ ዋስትና ከሚናገሩት አንቀጾቹ መካከል አንዱ፣ የክፍል መጠን መምህሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ ትኩረት ለመስጠት የሚያስችለው ያህል መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ አንቀጽ የተጻፈው ስለ መምህሩ ክብር በሚናገር ሰነድ ውስጥ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ላይ የሚከበረው የዓለም የመምህራን ቀንም የተቆረጠው ሰነዱ በጸደቀበት ዕለት ነው። እኛ ዘንድ ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ በካናቴራና በኮፍያ ያልፋል፤ ሰነዱን አንብቦ ክፍል የሚቆጥር ሰብሳቢ ግን ገና አልገጠመኝም።

ቁጥር ሲቀንስ ትምህርት በእርግጥ ይሻሻላል ወይ የሚለው በጥንቃቄ የተፈተሸ ጥያቄ ነው። በአሜሪካ የቴነሲ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በ79 ትምህርት ቤቶች ከ11 ሺህ በላይ ሕፃናትን በዕጣ ደልድለው፣ አንዳንዶቹን ከ13 እስከ 17 ልጆች ባሉበት፣ ሌሎቹን ከ22 እስከ 25 በሚሆኑበት ክፍል አስተምረዋቸዋል። በአነስተኛው ክፍል የተማሩት በንባብም በሒሳብም በልጠው ተገኙ። እነርሱ ብዙ ያሉት 25 ለእርስዎ የሕልም ክፍል መሆኑን አልዘነጋሁም። በእስራኤል ደግሞ አንድ ክፍል ከ40 ተማሪ እንዳያልፍ ደንቡ ስለሚያዝ፣ 41ኛው ልጅ ሲመዘገብ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ እዚያ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ወገኖቻችን ይህን ያውቁታል። ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ይህንኑ አጋጣሚ ተጠቅመው፣ በአነስተኛ ክፍል የተማሩ የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ልጆች ውጤት የተሻለ መሆኑን አሳይተው ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ መረጃ ሲደግሙት ግን ያንን ብልጫ አላገኙትም። እኔን የሚያስቀናኝ ከውጤቱም ይልቅ፣ 41ኛው ልጅ ሲመጣ መምህሩ ማንንም ደጅ ሳይጠና ክፍሉ መከፈሉ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የምዕራብ ኬንያው ጥናት ነው። እዚያ በ1ኛ ክፍል ከ80 በላይ ተማሪ በነበረባቸው ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ መምህር ተቀጥሮ ክፍሉ ወደ 45 ገደማ ሲወርድ፣ ከነባር መምህሮቻቸው ጋር የቀሩት ልጆች በቁጥሩ መቀነስ ብቻ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ልጆቹ በደረሱበት የዕውቀት ደረጃ ተለይተው፣ መምህሩም ትምህርቱን እነርሱ ካሉበት ለመጀመር በተመቸው ትምህርት ቤቶች ግን ደካሞቹም ጎበዞቹም ተጠቅመዋል። የካሊፎርኒያው ታሪክም ቢሆን ትምህርት ሰጪ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 በኋላ ክፍሎችን ወደ 20 ለማውረድ በጥድፊያ መምህር ሲቀጠር፣ ብዙ ያልሠለጠኑ ሰዎች ገብተው ጥቅሙን አደብዝዘውታል። ከዚህ ሁሉ የምረዳው ቁጥሩ መቀነስ እንዳለበት፣ ነገር ግን እስኪቀንስ እጅን አጣጥፎ ለመጠበቅ ምክንያት እንደማይሆን ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄዎ የምሰጠውም መልስ የሚነሣው ከዚሁ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ሱቋ ሴትዮ ጥቂት ልበል። ንግግሯ ክፉ ነው፤ ሆኖም ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በ10ኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተና ዘመን ከፍ ያለ ውጤት ያመጣው ወደ መሰናዶ ሲያልፍ፣ ያልተሳካለት ወደ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ እንዲገባ ይደረግ ነበር። የድልድሉ ወረቀት በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ማን ወደየት እንደተላከ ከተማው ሁሉ ያነባል። መምህርነትን የተረፈው ሰው የሚገባበት ቦታ አድርጎ የሣለው ይህ አሠራር እንጂ እናቲቱ አይደለችም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣ ወጣት በገባበት ወረዳ ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ ሬዲዮ ሰምቶ ለሰው የሚተረጉመው እርሱ ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመውና የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ፣ አገሩ በሙሉ አድምጧቸዋል፤ ዕቅዱም ሳይተገበር ቀርቷል። ያን ጊዜ ክብሩ የመጣው መምህሩ ጥቂት፣ ትምህርት ቤቱም ጥቂት ስለነበረ ጭምር መሆኑን መካድ አይገባም። አብዛኛው የገበሬ ልጅ ከደጁ ውጭ ስለነበር ያን ዘመን እንዲመለስ አልመኝም።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ደጁ ተከፈተ። 3 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት ጥቂት በላይ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን ደረሰ፤ የእርስዎ 86 ልጆች፣ በተለይም ከመካከላቸው ሴቶቹ፣ በሌላ ዘመን ቢሆን ብዙዎቹ ከብት ጠባቂ ወይም ውሃ ቀጂ ሆነው ይቀሩ ነበር። ችግሩ ክፍልና መምህር በዚያው ፍጥነት አለመጨመራቸው፣ ክፍተቱንም መምህሩ በጉሮሮው እንዲሞላው መተዉ ነው። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ ጣት የተቀሰረው በመምህሩ ላይ ነበር። እነዚያ ወጣቶች አንደኛ ክፍል ሲገቡ ስንት ሆነው በአንድ ዴስክ እንደተቀመጡ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ከደብዳቤዎ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ያላዩትን ተሳትፎ ማታ ማታ እንደሚሞሉ የጻፉት ነው። አልወቅስዎትም፤ ብዙ ባልደረቦችዎ እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፣ የሚያደርጉትም ፋይል እንጂ ልጅ የማይቆጥር ሱፐርቪዥን ስላስገደዳቸው ነው። ሆኖም የሙያው ክብር በዋናነት የሚፈስሰው በዚህ ቀዳዳ ይመስለኛል። ሐኪም የሚከበረው ያላየውን በሽተኛ አይቻለሁ ብሎ ስለማይፈርም ነው። መምህር ስለ አንድ ልጅ ከጎረቤትም ከወላጅም የተሻለ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ልጁ ምን እንደቻለና ምን እንዳልቻለ። ያ ዕውቀት በማርክ ተጽፎ ወደ ቤት ይሄዳል። የእናቲቱ ልጅ ሰርተፍኬቱ ላይ በሒሳብ 68 ተጽፎለት ማካፈል ካልቻለ፣ እናቲቱ ያወቀችው የልጇን ድክመት ብቻ ሳይሆን የፊርማዎን ዋጋ ጭምር ነው። ስለዚህ ምክሬ ከዚህ ይጀምራል፤ ያላዩትን ማርክ መስጠት ያቁሙ።

እንዴት ሊሆን ይችላል ይሉኝ ይሆናል። የምዘናውን ቁጥር በመቀነስ ነው። ከሒሳብ ዲፓርትመንት ባልደረቦችዎ ጋር ተቀምጣችሁ፣ በአንድ መንፈቅ በእውነት ልታርሟቸው የምትችሏቸው ምዘናዎች ስንት እንደሆኑ ቁረጡ። ሦስት አጫጭር ፈተናዎች፣ አንድ የክፍል ሥራና የመንፈቅ ዓመት ማጠቃለያ በቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ተሳትፎ የሚለውን ዓምድ ለ240 ልጆች በሐቅ የሚሞላ ሰው ስለሌለ ይተውት ወይም ከደብተር ክትትል ጋር ያዋሕዱት። ይህንን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ ምክንያቱን ከቁጥሩ ጋር አያይዛችሁ፣ ለርዕሰ መምህሩ በደብዳቤ አስገቡ፤ ቅጂውም በእጃችሁ ይቅር። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ፋይልዎ ይሳሳል፣ ያለው ሁሉ ግን እውነት ይሆናል። ለጥቂት ጊዜ ወቀሳ ሊያመጣብዎ እንደሚችል አልደብቅዎትም፤ ለብቻዎ ሳይሆን በዲፓርትመንት ስም እንዲጽፉ የምመክረውም ለዚሁ ነው።

በክፍሉ ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ማን የት እንዳለ ማወቅ ነው፤ ለዚህም ከ15 ደቂቃ የማያልፍ፣ ማርክ የሌለው፣ ስድስት ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ፈተና ይስጡ። ለምሳሌ 47 ሲቀነስ 19፣ 6 ሲባዛ በ8፣ 23 ሲባዛ በ4፣ 84 ሲካፈል ለ4፣ 156 ሲካፈል ለ12፣ መጨረሻም አንድ አጭር የቃላት ጥያቄ። ወረቀቶቹን ሲያዩ ድምር አይጻፉ፤ ሦስት ክምር ያድርጓቸው። አንደኛው ክምር በመቀነሱና በማባዛቱ የተሰናከሉት፣ ሁለተኛው እስከ አንድ አሐዝ ማካፈል የደረሱት፣ ሦስተኛው ሁሉንም የሠሩት ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ማካፈል አልቻለም የሚባለው ልጅ የጎደለው ማካፈሉ ሳይሆን ከእርሱ በፊት ያለው ነው። 156ን ለ12 ሲያካፍል፣ 15 ውስጥ 12 አንድ ጊዜ እንዳለ ያውቃል፣ 3 መትረፉንም ይጽፋል፤ 6ቱን አውርዶ 36 ካደረገ በኋላ ግን 12 ሲባዛ በ3 ስንት እንደሆነ ስለማያውቅ በጣቱ መቁጠር ይጀምራል፣ ጣቱም ያልቅበታል። ለዚህ ልጅ የማካፈልን ደረጃዎች ሰሌዳ ላይ ለአምስተኛ ጊዜ መድገም ጊዜ ማባከን ነው። የሚያስፈልገው የብዜት ሠንጠረዥ ነው፤ የሱቋን ሴትዮ ልጅ ወረቀትም በዚህ ዓይን ይመልከቱት።

ክምሮቹን ካወቁ በኋላ በሳምንት ካሉዎት የሒሳብ ክፍለ ጊዜዎች ሁለቱን ለዚህ ይስጡ። በእነዚያ ክፍለ ጊዜዎች ተማሪዎቹ በየደረጃቸው ተጠጋግተው ይቀመጡ፤ የቡድኖቹ ስም «ደካማ» ወይም «ጎበዝ» እንዳይሆን፣ አቀማመጡም ለዓመት የተቆረጠ ሆኖ እንዳይቀር ይጠንቀቁ። ሁሉን የሠሩት ልጆች ከመጽሐፉ የቃላት ጥያቄ ይዘው በጸጥታ ይሠራሉ፤ መካከለኞቹ በጥንድ ይለማመዳሉ፤ እርስዎ ግን ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ከመጀመሪያው ክምር ጋር ይቆማሉ። እነርሱ ምናልባት 35 ይሆኑ ይሆናል፤ 35 ልጅ ከ86 ልጅ በጣም ይለያል። በየወሩ ያንኑ ዓይነት ስድስት ጥያቄ ቁጥሩን ቀይረው ይድገሙት፣ የተሻሻለውንም ያሸጋግሩት።

ልጅን በልጅ ማስተማርን የማያምኑ ወላጆች ያጋጥሙዎት ይሆናል፤ ሆኖም አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ በደበሎ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ደጋሚውን ሲሰሙ፣ ፊደል የለዩት ልጆች ከዛፉ ሥር አዲሶቹን ሀሁ ያስቆጥሩ ነበር። የኔታም ሁሉንም በየተራ እየጠሩ በጆሯቸው ሳያረጋግጡ አያሳልፉም። በኋላ የመጣው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ለሌላ ጉዳይ ስለዋለ በብዙ መምህራን ዘንድ ስሙ ጠፍቷል። እርስዎ የሚያደራጁት ቡድን ለብዜት ሠንጠረዥ ብቻ ይሁን፤ መሪውም በየሁለት ሳምንቱ ይቀያየር፣ ካልሆነ ጎበዟ ልጅ የሌሎች አገልጋይ ሆና የራሷ ትምህርት ይቀርባታል።

ደብተርን በሚመለከት ሁሉንም በአንድ ቀን መሰብሰብ ይተዉ። ከ86ቱ በቀን 17 ወይም 18 ደብተር ቢወስዱ ሳምንቱ ሲያልቅ ሁሉንም ያዳርሳሉ። ከሦስቱም ሴክሽን ሲደመር በቀን 48 ይሆናል። ሙሉውን ገጽ ሳይሆን አስቀድመው የመረጡትን አንዱን ጥያቄ ብቻ በደንብ ካረሙ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ልጁ በሳምንት አንድ ቀን ቀይ እስክሪብቶዎ ደብተሩ ላይ እንደሚያርፍ ሲያውቅ መጻፉን አያቆምም። ስሙንም የሚይዙት በዚሁ ነው፤ ደብተሩን ሲመልሱ በስሙ ጠርተው፣ ዓይኑን አይተው ይስጡት፤ ጥርን መጠበቅ አያስፈልግዎትም። የቀረው ብዙ ቃል አይፈልግም። ከካርቶን የተቆረጠ ትንሽ ሰሌዳና ጠመኔ ለእያንዳንዱ ጥንድ ቢሰጥ፣ «አሳዩኝ» ሲሉ መልሱን ሁሉም በአንድ ጊዜ ያነሣዋል። ወደ ኋላ ወንበሮች የሚያስገባ መተላለፊያ ለመክፈት ዴስኮቹን ጠጋ ጠጋ ያድርጓቸው።

ቁጥሩን ወደማስቀነሱ ስንመጣ፣ «ብዛት ይቀነስልን» የሚል አቤቱታ ለማንም ቢቀርብ «በጀት የለም» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ጥያቄው እምቢ ለማለት በሚያስቸግር መልክ ይቅረብ። በመጀመሪያ ራሳችሁ ማድረግ የምትችሉት አለ። ሦስቱ ሴክሽኖች 86፣ 80 እና 74 ከሚሆኑ እያንዳንዳቸው 80 ቢሆኑ ስድስት ልጅ ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው ማዛወር ብቻ ነው፤ ይህን ዩኒት መሪው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ከዚያ 240 ተማሪ በ50 ሲካፈል ወደ አምስት ክፍል እንደሚጠጋ፣ ለአንድ ክፍል ብቻ እንኳ ቦታና መምህር ቢገኝ በየክፍሉ 60 እንደሚደርስ ጻፉ። ዕቃ የታጎረበት ክፍል አለ? የክፍለ ጊዜ ጭነቱ ያነሰ መምህር አለ? ይህ ከዴስክና ከመጽሐፍ ቁጥር ጋር በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ሆኖ፣ በትምህርት ቤቱ የመምህራን ማኅበር ተጠሪዎችና በወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት በኩል ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይቅረብ። ክፍል የሚሠራው ብዙ ጊዜ በኅብረተሰብ መዋጮና በትምህርት ቤት ድጎማ ስለሆነ፣ ወላጆች ሳይገቡበት የትም አይደርስም። የክፍሉ ግንባታ ተጠናቆ መምህር ሳይመደብ ዓመት የተቆለፈ በር ስለሚኖር ግን ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ጠይቁ። ፈረቃ እናድርግ የሚል ሐሳብ ቢመጣ ቶሎ አትቀበሉት፤ ፈረቃ ቁጥሩን ቢቀንስም የልጁን የትምህርት ሰዓት ይቆርጣል፤ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ የሚወሰድ ነው።

ወላጆችን ለማስገባት ከስብሰባ የተሻለ ዘዴ አለ። ኅብረቱ ፈቅዶ በየሳምንቱ ሁለት ወላጅ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በኋላ ወንበር ተቀምጦ ይከታተል። የመጀመሪያዋ ተጋባዥ ያቺ እናት ብትሆን እመርጣለሁ። ሱቅ ደጃፍ ላይ መልስ ባለመስጠትዎ አይቆጩ፤ እዚያ የሚሰጥ መልስ ጠብ ነው። ልጇ የሠራውን ወረቀት ይዘው ትምህርት ቤት ይጥሩዋት፣ «ማካፈል ያቃተው የብዜት ሠንጠረዥ ስላልያዘ ነው፤ እኔ በሳምንት ሁለት ቀን አብሬው እሠራለሁ፣ እርስዎ ማታ ማታ የስድስትን፣ የሰባትን፣ የስምንትንና የዘጠኝን ብዜት ያስደግሙት» ይበሏት። መጻፍና ማንበብ የማትችል ብትሆን እንኳ ሠንጠረዡን ታላቅ እኅቱ ልታስደግመው ትችላለች።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ። ክብር ጎተራ አይሞላም፤ ደመወዙ ከኑሮው ጋር እንደማይሄድ እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ «ሙያው የተቀደሰ ነው» ብሎ ማባበል የእኔ ሥራ አይደለም። ስለዚህ የገንዘቡን ውሳኔ እንደ ገንዘብ ውሳኔ ያዩት። ሪያድ ከሆነ፣ የሚጠብቅዎት ሥራ የቤት ሠራተኝነት ሊሆን እንደሚችል፣ በሰባት ዓመት ያፈሩት ዲግሪና ልምድ ለዚያ ሥራ እንደማይቆጠር ቁጭ ብለው ያስሉ፤ የሚሄዱት ይህን ሁሉ አውቀው ከሆነ ማንም ሊፈርድብዎ አይችልም። ወደ ግል ትምህርት ቤት ለመዛወር ቢያስቡ ተማሪው ያንሳል፤ ውሉ ክረምቱን እንደሚከፍልና ጡረታን እንደሚሸፍን ግን ሳያነቡ አይፈርሙ። ባሉበት ከቆዩ ደግሞ የደረጃ ዕድገትዎን ይመርምሩ። ከጀማሪ ወደ መለስተኛ፣ ከዚያም ወደ መምህር የሚያሻግረው ሰነድ በሰው ሀብት ክፍል ተቀምጦ የሚረሳባቸው ብዙዎች ናቸው፤ የዲግሪ ማስረጃዎም በፋይልዎ ውስጥ መግባቱን በዓይንዎ ይዩ።

በአንዲት ሴት ስድብ ምክንያት ግን አይልቀቁ፤ በጥፋተኝነት ስሜት ታስረውም አይቆዩ። የእኔ ሐሳብ ይህን ዓመት ከላይ በተባለው መንገድ አስተምረው በሰኔ እንዲወስኑ ነው። የሰኔው ጥያቄ ስንት ተማሪ ነበረኝ የሚል አይሁን። የዓመቱን ውጤት የሚይዘውን ሮስተር ሲፈርሙ የእያንዳንዱን ልጅ ማርክ በወላጁ ፊት ቆመው ማስረዳት ይችሉ እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ። ከቻሉ፣ 86ቱንም ይዘው መምህር ነዎት፤ ቢቆዩም ቢሄዱም በራስዎ ምርጫ ይሆናል። ካልቻሉ፣ ርዕሰ መምህሩም የሐሰት ፋይል እንዲሞሉ ማስገደዳቸውን ከቀጠሉ፣ ዝውውር ለመጠየቅ ይህ በቂ ምክንያት ነው። የዝውውር ምዝገባው በየወረዳው ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚከፈት በመሆኑ መቼ እንደሚጀመር ከአሁኑ ይጠይቁ፤ የዲፓርትመንታችሁን ደብዳቤ ቅጂም ከማመልከቻዎ ጋር ያያይዙት።